በምግብ ቤት ስንበላ ምን እንመልከት?

ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች የቀረበ የንጽሕና ትምህርት

በነቀምቴ ከተማ በመናኸሪያው አካባቢ በቀትር ጊዜ የቆመ ሰው፥ ከተማይቱ ስንቱን እንግዳ እንደምትመግብ በዐይኑ ያያል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ 330 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በአምቦና በባኮ በኩል አቋርጦ የመጣው መንገደኛ እዚህ ይወርዳል። ወደ ጊምቢ፥ ወደ ነጆና ወደ መንዲ የሚሄደው፥ ወደ በደሌና ወደ ጅማ የሚያልፈው፥ በጉቲን በኩል ወደ ቡሬ የሚሻገረውም ከዚሁ ይሳፈራል። ከገጠር ለገበያ የመጣው ገበሬ፥ የቀን ሠራተኛው፥ ከወላጆቹ ርቆ በኪራይ ቤት የሚኖረው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፥ በ1999 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርስቲ ከልዩ ልዩ አገር የመጣው ወጣት ሁሉ በዚህ ሰዓት ምሳ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ሰው የሚያበላው ማን ነው? ትልልቆቹ ሆቴሎች የበኩላቸውን ያበላሉ፤ ነገር ግን ዋጋው ከአቅሙ ጋር የሚስማማለት ተመጋቢ የሚሄደው ወደ ቁርስ ቤቱ፥ ወደ ሻይ ቤቱ፥ ወደ ሥጋ ቤቱ፥ በአንዲት ክፍል ውስጥ በአንዲት እናት ወደሚተዳደረው ሽሮ ቤት፥ እንዲሁም በመንገድ ዳር ጀበና ጥዳ ወደምትውለው እኅት ነው። በጊምቢም፥ በነጆም፥ በሻምቡም፥ በደምቢ ዶሎም ነገሩ ይኸው ነው።

በዚህ ወር ትምህርታችን ስለ እነዚህ ቤቶች እንነጋገራለን። ሐሳባችን ሰውን ከምግብ ቤት ለማስፈራራት አይደለም፤ ከቤቱ የራቀ ሰው ምግብ ቤት ባይኖር ጾሙን ያድራልና። የምንሻው አንባቢያችን በበሩ ላይ ቆሞ ቤቱን መርምሮ እንዲገባ ነው። ብዙ ሰው ምግብ ቤትን የሚመርጠው በግድግዳው ቀለም፥ በወንበሩ ምቾትና በስም ሰሌዳው ትልቅነት ነው። ሆድን የሚያሳምሙት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ከባለ ቀለሙም ቤት ከጭቃውም ቤት እኩል ይገባሉ። የተመጋቢው ጤና የሚጠበቀው በአራት ነገሮች ነው፤ እነርሱም እሳት፥ ሰዓት፥ እጅና ውሃ ናቸው።

ነገሩ ቀላል እንዳይደለ ለማወቅ አንድ ቍጥር እንጥቀስ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፥ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በተበከለ ምግብ ምክንያት ይታመማሉ፤ ከእነዚህም 420,000 ያህሉ ይሞታሉ። ከሟቾቹ መካከል 125,000 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

ሁለት መንገደኞች

ለምሳሌ ያህል ሁለት መንገደኞች ከአንድ አውቶቡስ ወረዱ እንበል። አንደኛው ጠረጴዛው ከሚያብለጨልጭ ቤት ገብቶ ጥሬ ሥጋ አዘዘ፤ ከእርሱም ጋር ጧት ተከትፎ በሳህን የቆየ ቲማቲምና ሰላጣ ቀረበለት። ሁለተኛው ጣሪያው በጢስ ከጠቈረ ትንሽ ቤት ተቀምጦ፥ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ የወጣ ሽሮ አዘዘ፤ እጁንም በሳሙና ታጠበ። ከእነዚህ ከሁለቱ ሆዱን ሳይታመም ጊምቢ የመድረስ ተስፋ ያለው ይበልጡን ሁለተኛው ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ በሽሮው ውስጥ የነበረውን ተሕዋስ እሳት ገድሎታል፤ በሰላጣውና በጥሬው ሥጋ ላይ የነበረውን ግን የገደለው የለም። ከዚህም ድህነትና የንጽሕና ጕድለት አንድ ነገር እንዳልሆኑ እንረዳለን። ትንሽዋ ቤት በጢስዋ ምክንያት ልትናቅ አይገባም፤ ትልቁም ቤት በመስተዋቱ ምክንያት ከምርመራ አያመልጥም።

1ኛ፤ እሳት

ምግብ እስከ ውስጡ ድረስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፥ በሽታ የሚያመጡት ተሕዋስያን አብዛኞቹ ይሞታሉ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተሠራች ስለ ሆነች፥ ውሃ የሚፈላባት በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት ተሕዋስያንን ለመግደል ይበቃል። ይሁን እንጂ ለመጠጥ የሚፈላ ውሃ፥ በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት ይገባዋል። ባቄላና ሥጋ በደጋ ከቈላ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እሳት ላይ የሚቆዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ጥሬ ሥጋ ጥቂት መናገር ያስፈልገናል። በከተሞቻችን ሥጋ ቤት ወዳጅ ከወዳጁ የሚገናኝበት፥ የምሥራች የሚከበርበት ቦታ ነውና፥ ይህን ልማድ በአንድ ቃል ተዉት ብንል የሚሰማን አይኖርም። ግን እውነቱን ማወቅ ይገባል። የኮሶ ትል የሚመጣው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው። ትሉ ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ የትሉ እንቍላል በሣር ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። በከብቱም ሥጋ ውስጥ እንደ ትንሽ ነጭ ፍሬ ያለ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ያንን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ፥ በአንጀቱ አድጎ ብዙ ሜትር ርዝመት ያለው ትል ይሆናል። ሚጥሚጣ፥ አዋዜና አረቄ ትሉን ይገድሉታል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ለብለብ የተደረገም ክትፎ ውስጡ ካልበሰለ ከጥሬው ብዙ አይለይም። በቄራ ተመርምሮ ማኅተም የተመታበት ሥጋ አደጋው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ከረጢት ከመርማሪ ዐይን ልታመልጥ ስለምትችል፥ ፈጽሞ የሚያድነው መብሰሉ ነው። ትሉ የያዘው ሰውም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ይውሰድ፤ በመጸዳጃ ቤትም ይጠቀም። እንዲህ ሲሆን የትሉ መንገድ በሁለት በኩል ይዘጋል።

ወተትም እንዲሁ ነው። ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳን የመሰለ በሽታ ከላም ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ወተቱ እርጎ በሆነ ጊዜ መምጠጡ አንዳንዱን ተሕዋስ ቢያዳክመውም ሁሉን አያጠፋም። ስለዚህ ለእርጎ የሚሆነው ወተት አስቀድሞ ቢፈላ መልካም ነው። ለወለጋ ክብር የሆነው ጩምቦ በቅቤና በእርጎ ርሶ ሲቀርብ፥ ቅቤው የተነጠረ እንዲሆን እንመክራለን። ጣዕሙ አይቀንስም፤ ጤናው ግን ይጨምራል።

2ኛ፤ ሰዓት

ምግብ ከእሳት በወረደ ጊዜ ሰዓት ሥራውን ይጀምራል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ተሕዋስያን በምግብ ላይ ይራባሉ። መምህራን ይህን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይሥሩት። አንድ ተሕዋስ በተመቸው ቦታ በየ20 ደቂቃው እየተከፈለ ሁለት ቢሆን፥ በ1 ሰዓት ውስጥ 8፥ በ2 ሰዓት ውስጥ 64፥ በ6 ሰዓት ውስጥ ከ260,000 በላይ ይሆናል። እንግዲህ ጧት በ12 ሰዓት ተሠርቶ ለብ እንዳለ የቆየ ወጥ፥ በቀትር በ6 ሰዓት ለተመጋቢው ሲቀርብ ምን ያህል ተሕዋስያን ይዞ ሊቀርብ እንደሚችል ተማሪው ራሱ ይደርስበታል።

ወጡን እንደ ገና ማሞቅ ይረዳል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አያድንም። አንዳንድ ተሕዋስያን፥ በተለይም መግል ከያዘ ቍስል ወደ ምግብ የሚገቡት፥ በሙቀት በቀላሉ የማይጠፋ መርዝ በምግቡ ውስጥ ትተው ያልፋሉ። ስለዚህ የበሰለ ምግብ ከእሳት ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ ሊቆይ አይገባም፤ ወይ እሳት ዳር ትኩስ ሆኖ ይቆይ፥ ወይ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ። ማቀዝቀዣ የሌላት ባለቤት በአንድ ጊዜ ብዙ ከመሥራት ይልቅ፥ ጥቂት ጥቂት እየሠራች ብታቀርብ ትጠቀማለች። ተመጋቢውም ፍርፍር ሲያዝ «የትናንቱ ወጥ ነውን? የት አደረ?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

3ኛ፤ እጅ

በ1906 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ አቅራቢያ ኦይስተር ቤይ በምትባል ስፍራ፥ በአንድ ቤት ከነበሩት 11 ሰዎች 6ቱ በአንጀት ተስቦ፥ ማለት በታይፎይድ ታመሙ። ነገሩን እንዲመረምር የተጠራው ጆርጅ ሶፐር የበሽታውን መነሻ ከሌላ ቦታ ፈልጎ ባጣ ጊዜ ሐሳቡን ወደ አብሳይዋ መለሰ። ስምዋ ሜሪ ማለን ይባል ነበር። ይህች ሴት ትኩሳት አልነበራትም፥ አልጋም አልያዘችም፤ ነገር ግን ተሕዋሱን በሰውነትዋ ተሸክማ ትኖር ነበር። ከምታዘጋጀውም ምግብ ሁሉ ሶፐርን ያጠራጠረው በእሳት የሚበስለው ሳይሆን፥ ጥሬ ኮክ ተቈርጦ የሚገባበት አይስክሬም ነበር። እጅ ነክቶታል፥ እሳት አልነካውምና።

ሜሪ ማለን በ1907 ተይዛ በደሴት ላይ ለብቻዋ ተቀመጠች፤ በ1910 ዳግመኛ ምግብ እንዳታበስል ቃል አስገብተው ለቀቁአት። በ1915 ግን በሌላ ስም በአንድ የወሊድ ሆስፒታል ስታበስል ተገኘች፤ በዚያም 25 ሰዎች ታመው 2ቱ ሞቱ። ከዚህ በኋላ እስከ ሞተችበት እስከ 1938 ድረስ በደሴቲቱ ኖረች። አንባቢ በዚህች ሴት ላይ ለመፍረድ አይቸኵል፤ ጤነኛ እንደ ሆነች ታምን ነበር፥ እንጀራዋም በሙያዋ ላይ የተመሠረተ ነበር። ዛሬ እንዲህ ላለው ሰው መድኃኒት ስላለ ደሴት አያስፈልግም። ትምህርቱ ግን አልተለወጠም፤ ደኅና የሚመስል ሰው እጅም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

በአንዳንድ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሠራተኞች የጤና ምርመራ ወረቀት ተሰቅሎ ይታያል። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ምርመራው ቀን ነው፤ ስለ ዛሬ የሚናገረው እጅ ነው። ስለዚህ እንመልከት። የአስተናጋጁ ጥፍር ተቈርጧልን? ገንዘብ የተቀበለበት እጅ ሳይታጠብ እንጀራ ይጠቀልላልን? ቍስሉስ በንጹሕ ጨርቅ ታስሯልን? እንጀራ በጋለ ምጣድ ላይ ሲጋገር ንጹሕ ነው፤ የሚቈሽሸው ከምጣዱ ከወጣ በኋላ በሚነካው እጅ ነው። አንጮቴም እንዲሁ ነው፤ ከተቀቀለ በኋላ ተልጦና ደቅቆ በእጅ ስለሚዘጋጅ፥ የሚዘጋጅበት እጅ ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል።

የተመጋቢውም እጅ ከዚህ ትምህርት ነፃ አይደለም። በምግብ ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ የምናየው ልማድ ይህ ነው፤ ሰው ከምግብ በፊት ጣቱን በውሃ ነካ አድርጎ ይቀመጣል፤ ከምግብ በኋላ ግን የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ በሳሙና አጥብቆ ይታጠባል። ቅባቱ የሚጐዳው ልብስን ነው፤ ሆድን የሚጐዳው ከምግብ በፊት በእጅ ላይ የነበረው ነው። አውቶቡስ የጨበጠ፥ ገንዘብ የቈጠረ፥ ብዙ ሰው ሰላም ያለ እጅ ከአንድ ትሪ ከሌሎች ጋር ይቈርሳል፤ ወዳጁንም ያጐርሳል። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነውና ከበሽታ ጋር እንዳይሰጥ፥ ሳሙናው ከምግብ በፊት ይቅደም፤ ሲታጠቡም እጅን ለ20 ሴኮንድ ያህል ማሸት ይገባል።

4ኛ፤ ውሃ

የቧንቧ ውሃ በሚቋረጥበት ጊዜ ምግብ ቤቶች በበርሜልና በጀሪካን ውሃ ያጠራቅማሉ። ጀሪካኑ ክዳን ይኑረው፤ ውስጡም በየጊዜው ይታጠብ። በርሜሉም ቧንቧ ይኑረው እንጂ፥ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ጣሳ አይጥለቅበት።

ዕቃ ማጠብ ሦስት ሳፋ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ሳፋ በሳሙና ይታጠባል፤ በሁለተኛው ይለቀለቃል፤ በሦስተኛው በጣም በሞቀ ውሃ፥ ወይም በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን በረኪና በገባበት ውሃ ይነከራል። ከዚያም ተደፍቶ ራሱ ይድረቅ። ጠረጴዛ የተጠረገበት ጨርቅ ሳህን ሲያደርቅ የታየ እንደ ሆነ፥ የሦስቱ ሳፋዎች ድካም ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

በመንገድ ዳር የሚፈላው ቡና ራሱ ከጀበናው ሲወጣ ትኩስ ስለ ሆነ የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው ስኒው ነው። በአንድ ሳህን ውሃ ውስጥ የሃያ ሰው ስኒ ሲለቀለቅ፥ የመጀመሪያው ጠጪ ጕንፋን ለመጨረሻው ይደርሰዋል። ቡና የምታፈላው እኅት በጀበናዋ አጠገብ አንድ ማንቈርቈሪያ የፈላ ውሃ ብታኖርና ስኒውን በእርሱ ብታጥብ፥ ወጪዋ ጥቂት ከሰል ነው፤ የደንበኞችዋ ጤና ግን ይጠበቃል።

የመጸዳጃ ቤቱም ነገር በዚሁ ይጠቃለላል። በሩ ይዘጋልን? ውሃና ሳሙና በአጠገቡ አለን? ዝንብ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤቱ ይመላለሳልን? እንግዳው ይህን ሲያይ ወጥ ቤቱን ያየ ያህል ይረዳል።

ስለ ባለቤቶቹ

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ከእነዚህ ትንንሽ ቤቶች ብዙዎቹ ልጆች የሚማሩባቸው፥ የቤት ኪራይ የሚከፈልባቸው ናቸው። «እገሌ እዚያ በልቶ ታመመ» የሚል ወሬ በሰፈር የወጣ ቀን፥ እሳቱ ይጠፋል፥ ልጆቹም ይራባሉ። በሌላ በኩል በፈተና ሳምንት በታይፎይድ የተያዘ ተማሪ የዓመት ድካሙን ያጣል። እንግዲህ ንጽሕና ለሁለቱም የኑሮ ጉዳይ ነው እንጂ፥ አንዱን ለመጥቀም ሌላውን የሚጐዳ አይደለም።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው፥ በሽታን በመድኃኒት ብቻ ሳይሆን በማስተማርም ለመከላከል ነበር። ይኸው መንገድ ዛሬም ትክክለኛ ነው። ከቅጣት በፊት ማስተማር ይቅደም። ተመጋቢውም ጕድለት ባየ ጊዜ ባለቤቲቱን በሰው ፊት ከማሳፈር ይልቅ ጠጋ ብሎ፥ «እናቴ፥ ምግብዎ ጣፋጭ ነው፤ እባክዎ በማስታጠቢያው ላይ ሳሙና ቢያኖሩልን» ቢል ይሻላል። ሳሙና ዛሬ አንድ ሰው ጠየቀ፥ ነገም ሌላው ጠየቀ እንደ ሆነ፥ በሦስተኛው ቀን ሳይጠየቅ ይቀመጣል።

በጥንቃቄ መካከልም ሕመም ቢደርስ፥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ብዙ ፈሳሽ ይጠጣ፤ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውንም ዱቄት አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ ይውሰድ። ደም የተቀላቀለበት፥ ወይም እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ብዙ ተቅማጥ፥ ወይም የማይለቅ ትኩሳት ያለበት ሰው ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ለመምህራን

ይህን ትምህርት በክፍል ለማስተማር የሚከተሉት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ። ትምህርቱ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቢሰጥ፥ ተማሪው ለእናቱ በቤት ቋንቋው ሊነግራት ይችላል።

1. አንድ ተሕዋስ በየ20 ደቂቃው ሁለት ቢሆን፥ ከ4 ሰዓት በኋላ ስንት ይሆናል? በ6ኛው ሰዓት ካለው ቍጥር ጋር አስተያዩ።

2. የሜሪ ማለን ትኩስ ምግብ ያላጠራጠረው፥ አይስክሬሙ ግን ያጠራጠረው ስለ ምንድን ነው?

3. የኮሶ ትል ከሰው ወደ ከብት፥ ከከብት ወደ ሰው የሚሄድበትን መንገድ በሥዕል አሳዩ። መንገዱ በየትኞቹ ቦታዎች ሊዘጋ ይችላል?

4. በሚመጣው ቅዳሜ በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ሰዎች ሲመገቡ ተመልከቱ። ከምግብ በፊት በሳሙና የታጠቡት ስንት ናቸው? ከምግብ በኋላስ? ሁለቱን ቍጥሮች ጽፋችሁ ሰኞ አምጡ።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል ብለን እናምናለን፤ ተማሪው ቍጥሩን ሲጽፍ የራሱንም እጅ ማየቱ አይቀርምና። አባቶቻችን «ታሞ ከመማቀቅ፥ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ብለዋል። ስለዚህ አንባቢያችን ነገ በቀትር ወደ ምግብ ቤት ሲገባ፥ ከመቀመጡ በፊት ሳሙና ይጠይቅ፤ ምግቡም ከእሳት በቀጥታ የመጣ ትኩስ ይሁን።